በማሕሌት የምንሰማቸው ቃላት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በዛሬው ስብከታችን እንደ ልማዳችን ከወንጌል አንድ ኃይለ ቃል አውጥተን አናብራራም። የምንነጋገረው በየበዓሉ ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቆማችሁ ስለምትሰሟቸው፣ ነገር ግን ትርጓሜያቸውን የሚነግራችሁ ስላላገኛችሁላቸው ጥቂት ቃላት ነው። ማሕሌት ይባላል፤ ዝማሜ ይባላል፤ ወረብ ይባላል፤ መሪጌታ፣ ግራ ጌታ፣ ደብተራ ይባላል። ቃሉ ከጆሮ አልፎ ወደ ልብ ካልገባ ሌሊቱን መቆም ድካም ብቻ መስሎ ይታያል፤ ጎልማሶቹም ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። በዚህ ምእመናንን አልወቅስም። ወቀሳው በመጀመሪያ የሚነካው እኛን ካህናቱን ነውና፣ ከራሴ ልጀምር።

ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ጾመ ድጓውንና ምዕራፉን ጨርሼ ድጓውን ጀምሬ ነበር። ድምፄ መልካም ነው ይሉኝ ስለ ነበር ለበዓልም ለቀብርም ይጠሩኛል። አንድ ቀን በአንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን የአንዲት እናት አንድ ልጅ ሞቶ መዋሥእቱን አደረስን። እኔም በተቻለኝ መጠን አሳምሬ ዜምሁ። ሕዝቡ ሲበተን እናቲቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እኔ መጣችና፣ «ዲያቆን ልጄ፣ እንዲያ አሳምራችሁ ለልጄ ያላችሁለት ምን ነበር?» አለችኝ። ዝም አልሁ። ዜማውን ከነምልክቱ ዐውቀዋለሁ፤ የቱ ላይ እንደሚረገጥ፣ የቱ ላይ እንደሚሳብ ዐውቃለሁ፤ ቃሉ ግን ግዕዝ ነው፣ እኔም ገና ቅኔ ቤት አልገባሁም። በመጨረሻ፣ «ጸሎት ነው፣ እማማ» አልኋት። «ጸሎት እንደ ሆነማ ዐውቃለሁ» ብላ ሄደች።

በእኛ በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ተማሪው በመጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ዜማ፣ ከዚያ በኋላ ቅኔ መማሩ የተለመደ ነው። የግዕዝ ቋንቋ አገባብና ምሥጢር በሚገባ የሚገለጠው በቅኔ ቤት ነውና፣ ብዙው ተማሪ ትርጓሜውን ሳያውቅ ዓመታት ሙሉ ይዜማል። ሥርዓቱን አልነቅፍም። ሕፃን ልጅ የእናቱን ጡት የሚጠባው ወተት ምን እንደ ሆነ ተረድቶ አይደለም፤ በልጅነት በቃል የተያዘ ዜማም እስከ ሽምግልና አይጠፋም። ነገር ግን መንገዱ ላይ የቀረ ሰው፣ ማለት ዜማውን ይዞ ወደ ቅኔውና ወደ ትርጓሜው ሳይሻገር የቀረ ሰው፣ ያች እናት የጠየቀችኝን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞ ይኖራል።

ይህን ለየኔታ በነገርኋቸው ጊዜ አልተቈጡኝም። በመሬት ላይ በዘንጋቸው ሦስት ፊደሎች ጻፉና አንብብ አሉኝ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሦስቱንም በአንድ ድምፅ አነበብኋቸው፤ በአማርኛ ልዩነታቸው ጠፍቷልና። «ስማቸውን ንገረኝ» አሉኝ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ አልሁ። እንግዲህ ዛሬ ለእናንተ የምነግራችሁ በዚያ ቀን ከእርሳቸው የሰማሁትን ነው።

የፊደል መጀመሪያ የሆነው ሀ ሃሌታው ሀ የተባለው በሃሌ ሉያ ነው። ሃሌ ሉያ ዕብራይስጥ ነው፤ እግዚአብሔርን አመስግኑ ማለት ነው። ሕፃኑ ፊደል ሲቈጥር የመጀመሪያው ፊደል ስሙን ያገኘው ከምስጋና መሆኑን ሳያውቅ ያመሰግናል። ቅዱስ ያሬድም በአክሱም ጽዮን በመጀመሪያ ያሰማው፣ አርያም ተብሎ የሚጠራው ዜማ፣ በሃሌ ሉያ እንደሚጀምር ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። አርያም ማለትም ከፍታ፣ የላይኛው ሰማይ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሐመሩ ሐ ነው። በዚህ ፊደል ሲጻፍ ሐለየ ማለት ዘመረ፣ በዜማ አመሰገነ ማለት ነው። ማሕሌት የወጣው ከዚህ ነው፤ የሰሎሞን መጽሐፍ መኃልየ መኃልይ መባሉም ከዚሁ ነው። በብዙኃኑ ኀ ተጽፎ ለ ጠብቆ ሲነበብ ግን ኀለየ ማለት ዐሰበ፣ አሰላሰለ፣ በልቡ አወጣ አወረደ ማለት ነው። ኅሊና የምንለው ቃል ከዚህ የወጣ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ጸሐፊ ማሕሌትን በሐመሩ ሐ፣ ኅሊናን በብዙኃኑ ኀ ይጽፋል። በዛሬ ዘመን በየመጻሕፍቱና በየግድግዳው «ማኅሌት» ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ መኃልየ መኃልይም እንዲሁ በብዙኃኑ ተለምዷል። እኔ ስለ ፊደል ከማንም ጋር ክርክር አልገጥምም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ይህ የጸሐፍት ስሕተት ደስ ያሰኘኛል፤ ዝማሬውን ከማሰብ ጋር ሳያውቁት አገናኝተውታልና። ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክቱ በ14ኛው ምዕራፍ በመንፈስ ብቻ ሳይሆን በአእምሮም ጭምር መዘመር እንደሚገባ የጻፈው ከዚህ ጋር ይስማማል።

የኔታም ፊደሎቹን በእግራቸው አጠፉና፣ «አንተ እስካሁን በሐመሩ ነህ፤ ወደ ብዙኃኑ ተሻገር» አሉኝ። በዚያው ክረምት ወደ ቅኔ ቤት ሄድሁ።

አሁን ከቤተ ክርስቲያኑ በር እንግባ። ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን በሦስት ይከፈላል፤ የውስጠኛው መቅደስ፣ መካከለኛው ቅድስት፣ የውጭኛው ቅኔ ማሕሌት ይባላል። ቅኔ ማለት ቀነየ ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ሲሆን መገዛት፣ ማገልገል ማለት ነው፤ ተቀነየ ሲል ተገዛ፣ አገለገለ ማለት ነው። ብዙ ሰዎች ቅኔ ሲባል ሰምና ወርቅ ያለው የግጥም ጥበብ ብቻ ይመስላቸዋል። ጥበቡ እውነት ነው፤ ስሙ ግን አገልግሎት ነው። ስለዚህ ቅኔ ማሕሌት በዜማ የሚያገለግሉበት ቦታ መሆኑን ስሙ ራሱ ይነግረናል። ባለቅኔው የቱንም ያህል የረቀቀ ምሥጢር ቢያወጣ በዚያ ቦታ የቆመው እንደ አገልጋይ እንጂ እንደ ጌታ አይደለም።

በቅኔ ማሕሌት የሚቆሙት መዘምራን ናቸው። ዘመረ ማለት በዜማ አመሰገነ፣ ይልቁንም በበገናና በመሰንቆ አጅቦ አመሰገነ ማለት ነው፤ መዝሙር፣ ዝማሬ፣ መዘምር ሁሉም የእርሱ ልጆች ናቸው። ዛሬ መዘምራን ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው ነጭ ልብስ ለብሰው የሚቆሙትን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ነው። እነርሱም ስሙ ይገባቸዋል። ስሙ ግን እጅግ የቆየ ነው፤ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ በ25ኛው ምዕራፍ ንጉሥ ዳዊት የአሳፍን፣ የኤማንንና የኤዶታምን ልጆች ለዝማሬ ሲለያቸው እናነባለን። ቍጥራቸው 288 ነበር፤ ይኸውም 24 ክፍል ሆነው በእያንዳንዱ ክፍል 12 ሰው ማለት ነው። ዮሐንስ በራእዩ በዙፋኑ ዙሪያ ያያቸው ካህናተ ሰማይም 24 ናቸው።

ዘፈን የሚለው ቃልስ? ብዙ ወጣቶች ይህን ይጠይቁኛል። በግዕዝ ዘፈነ ማለት በሰውነት መወዛወዝ፣ በእግር መጨፈር ማለት ነበር፤ ቃሉ ራሱ ኃጢአት አልነበረበትም። በአማርኛ ግን ለዓለማዊው ዘፈን ተሰጠ፤ መዝሙር ደግሞ ለእግዚአብሔር ምስጋና ቀረ። ቋንቋው ራሱ መለየቱ መልካም ነው። ሆኖም አንድ ሰው የሚያሰማው በስሙ መዝሙር ተብሎ በልቡ ዘፈን ሊሆን ይችላልና፣ ስሙ ብቻውን አያድንም።

ወደ ደብተራ ልመለስ፤ ይህ ቃል የሚያሳዝነኝ ቃል ነው። ደብተራ ማለት ድንኳን ማለት ነው። ከግሪክ ቋንቋ ወደ ግዕዝ የገባ ሲሆን በመጀመሪያ ቆዳ፣ ሌጦ ማለት ነበር፤ በሙሴ ዘመን የታቦቱ ማደሪያ በቁርበት የተሸፈነ ድንኳን እንደ ነበር ኦሪት ዘፀአት ይነግረናል፤ ያም ደብተራ ኦሪት ይባላል። ሊቁ ደብተራ የተባለው በዚያ ድንኳን ዙሪያ ቆመው ያገለግሉ የነበሩትን መስሎ ቆሞ የሚያገለግል ስለ ሆነ ነው። ከዚህ የበለጠ የከበረ ስም ከወዴት ይገኛል? ዛሬ ግን በመንደር «ደብተራ ነው» ሲባል ጠንቋይ ነው፣ መድኃኒት አድራጊ ነው ለማለት ሆኖአል። በጥቂቶች በደል የብዙዎች ስም ጠፋ። እኔ የማውቃቸው ደብተሮች ሌሊቱን በእግራቸው ቆመው አድረው ጠዋት ወደ እርሻቸው የሚሄዱ፣ ለልጆቻቸው ቀለብ የሚቸገሩ፣ ድጓውን ግን በቃላቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ። ምእመናን ይህን ስም በስድብ ስትሰሙ እባካችሁ ዝም አትበሉ።

በመዘምራኑ መካከል የሚቆመው መሪ ጌታ ይባላል፤ በተለምዶ መሪጌታ እንላለን። ስሙ ሥራውን ይናገራል፤ ይመራል። በቀኝ የሚቆሙት አለቃ ቀኝ ጌታ፣ በግራ የሚቆሙት አለቃ ግራ ጌታ ይባላሉ። እርሱ ሲመራ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ አንዱ ወገን ሲል ሌላው ወገን ይመልሳል። ይህ ሁለት ወገን ሆኖ መቆም የመላእክትን ምስጋና የሚመስል ነው፤ ነቢዩ ኢሳይያስ በ6ኛው ምዕራፍ ሱራፌል አንዱ ለአንዱ እየጮኹ ሲያመሰግኑ እንዳየ ጽፎአልና።

ስለ ቅዱስ ያሬድ የሕይወት ታሪክ እዚህ አላረዝምም፤ በማይ ኪራሕ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ትሏ ደጋግማ ስትወድቅ አይቶ እንደ ተጽናና ሕፃኑም ያውቀዋል፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን እንደ ነበረ የምናውቀው ከገድሉና ከስንክሳሩ ነው። የተከላቸው ዜማዎች ግን ሦስት ናቸውና በስማቸው ላይ ጥቂት እንቆይ።

ግዕዝ የተባለው ዜማ የመጀመሪያውና መሠረቱ ነው፤ ደረቅ ያለ፣ ጽኑዕ ዜማ ነው። ዕዝል ማለት የታዘለ ማለት ነው፤ እናት ልጇን እንደምታዝል ከግዕዝ ጋር ተደርቦ፣ ተከትሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ነው፤ ርጋታና ለስላሳነት አለው። አራራይ ደግሞ የሚያራራ ማለት ነው፤ ርኅራኄ ከምንለው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ ቀጠን ብሎ ከፍ እያለ ልብን የሚመስጥ ዜማ ነው። መምህራኑ ግዕዝን በአብ፣ ዕዝልን በወልድ፣ አራራይን በመንፈስ ቅዱስ ይመስላሉ፤ ሦስት ሲሆኑ አንድ ዜማ ናቸውና። እኔ ለልጆች ሳስተምር ግን የማስቀድመው የስማቸውን ትርጓሜ ነው። ልጁ አራራይ ማለት የሚያራራ ማለት እንደ ሆነ ካወቀ በኋላ፣ «የኔታ፣ ዛሬ አራራዩን ስንል እኔን አላራራኝም» ብሎ ይነግረኛል። ይህ ለመምህር ትልቅ ነገር ነው፤ ልጁ ራሱን መመርመር ጀምሯልና።

የዜማ መጻሕፍቱም አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥእት። ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ነው፤ የጾሙን ሰንበታት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ እያልን የምንጠራቸው በዚያ መጽሐፍ በየሰንበቱ ከሚዜመው ተነሥተን ነው። ስለዚህ በጾም ወራት ገበሬውም ነጋዴውም «ምኩራብ መቼ ነው?» ሲል የቅዱስ ያሬድን መጽሐፍ ሳያውቀው እየጠቀሰ ነው። ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ማለት ነው። ዝማሬ የሚባለው መጽሐፍ በቅዳሴ ጊዜ ከቍርባን በኋላ የሚደርሰው ሲሆን ኅብስት፣ ጽዋዕ፣ መንፈስ፣ አኰቴት፣ ምሥጢር ተብሎ በአምስት ይከፈላል። ዝማሬና መዋሥእትን የሚያስመሰክሩት በዙር አባ፣ ድጓውን የሚያስመሰክሩት በቤተ ልሔም ነው፤ ሁለቱም በጎንደር አገር ናቸው። አቋቋሙ ደግሞ ከጎንደር ከተማ ይገኛል። አንድ ሊቅ እነዚህን ሁሉ ሲዞር ዕድሜው ያልፋል፤ ለመዘምር ዋጋ ሲከፈል የሚያጉረመርም የሰበካ ጉባኤ አባል ካለ ይህን ያስብልኝ።

ስለ መዋሥእት በኋላ እመለስበታለሁ።

በመጽሐፉ ላይ ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር የምታዩአቸው ጥቃቅን ጽሕፈቶች ምልክት ይባላሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉ ሊቃውንት ሥርዓት እንዳስያዙላቸው ይተረካል። ስማቸው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቍርጥ ነው። ለዜማ ተማሪ እነዚህ የድምፅ ትእዛዞች ናቸው፤ ድፋት ሲል ድምፁን ወደ ታች ይደፋል፣ ሂደት ሲል ያስኬዳል፣ ቍርጥ ሲል ይቈርጣል፣ ርክርክ ሲል ያንጠባጥባል። መምህራን ግን በዚህ አያበቁም። ድፋት የአምላክን ከሰማይ መውረድ፣ ይዘት በአይሁድ እጅ መያዙን፣ ቅናት በገመድ መታሰሩን፣ ሂደት ከቀያፋ ወደ ጲላጦስ መጐተቱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያሳስባል ብለው ያመሠጥራሉ። እንግዲህ ተማሪው ድምፁን ሲያንጠባጥብ የሚያንጠባጥበው ምን እንደ ሆነ ቢያውቅ፣ ድምፁን ለመስማት ብቻ ይዜማልን?

አቋቋም ማለት ስሙ እንደሚነግራችሁ የመቆም ሥርዓት ነው፤ መቋሚያውም ከዚሁ ወጣ። መቋሚያ ለሽማግሌ መደገፊያ ነው፤ ለመዘምር ግን ከዚህ በላይ ነው፤ የመስቀሉ ምሳሌ ነውና። በመጀመሪያ ቁም ዜማ አለ፤ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ተቁሞ የሚዜም ነው። ቀጥሎ ዝማሜ ይመጣል። ዝማሜ የሚለውን ቃል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሊያውቀው ይገባል፤ ያረጀ ቤት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ዘመመ እንላለንና። መዘምራኑ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ዘመም ይላሉ፤ ጌታችን በሕማሙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ መገፋቱን ያሳስባል። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ስለሚያርፉ ዜማው ሁሉ በመቋሚያ ብቻ ይሆናል። በዚያ ወራት ከውጭ የቆመ ሰው የመቋሚያውን ድምፅ ከወለሉ ላይ ሲሰማ ጾም መሆኑን ሳይነግሩት ያውቃል።

መረግድ ከረገደ የወጣ ነው፤ በእግር መርገጥ፣ መሬቱን መምታት ነው። ጽፋት የሚለው ቃል ግን ይበልጥ ያስደንቃል። ከበሮው ፈጥኖ ሲመታ፣ እጅ ሲጨበጨብ የምንሰማው ጽፋት ይባላል። ጸፍዐ በግዕዝ ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው አጨበጨበ፣ ሁለተኛው በእጁ ፊት መታ ማለት ነው። በአማርኛ ጥፊ የምንለው የዚሁ ቃል ዘር ነው፤ የግዕዙ ጸ በአማርኛ ጠ ሲሆን ብዙ ጊዜ እናያለን፤ ጾም ጦም እንደሚባለው ማለት ነው። እንግዲህ በትንሣኤ ሌሊት፣ በልደት ሌሊት ከበሮው ፈጥኖ ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ በዚያው ደስታ ውስጥ ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ቤት የተቀበለው ጥፊ አለ። አባቶቻችን ደስታውንና ሕማሙን በአንድ ቃል አሰሩት። አንድ ወጣት ይህን ከነገርሁት በኋላ፣ «አባ፣ ከእንግዲህ እንደ ድሮው ማጨብጨብ እንዴት እችላለሁ?» አለኝ። አጨብጭብ፣ ጥፊው የተቀበለልህ አንተ እንድትደሰት ነውና አልሁት።

ወረብ በለዘብታ የሚወርድ፣ ከበሮና ጸናጽል ተስማምተው የሚሄዱበት፣ መዘምራኑ በእርጋታ የሚያሸበሽቡበት ነው። ምእመናን አብዝታችሁ የምትወዱት ይህ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ ለወረቡ ሲሉ ብቻ ከሌሊቱ ፍጻሜ የሚደርሱም አሉ።

ከበሮውን ተመልከቱ። አንዱ አፉ ሰፊ ሌላው ጠባብ ነው፤ ሰፊው የመለኮቱን፣ ጠባቡ የትስብእቱን ምሳሌ ይዟል ይላሉ። በላዩ የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር፣ የሚለብሰው ጨርቅ የቀይ ግምጃው፣ በአንገት የሚንጠለጠልበት ማንገቻ የታሰረበት ገመድ ምሳሌ ነው። ስለ ጸናጽል ደግሞ መምህራን ብዙ ያመሠጥራሉ፤ አንዳንዶቹ የያዕቆብን መሰላል፣ አንዳንዶቹ ሁለቱን ዘንጎች እግዚአብሔርን መውደድና ባልንጀራን መውደድ ይሉአቸዋል። እኔ ይህን ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም ቅዱስ ጳውሎስ በዚያው መልእክቱ በ13ኛው ምዕራፍ ፍቅር የሌለውን ሰው የመሰለው በሚንሿሿ ጸናጽል ነው። እንግዲህ በእጃችን የያዝነው ዕቃ ራሱ መምህራችን ነው ማለት ነው። ከባልንጀራው ጋር ተኳርፎ በቀኝና በግራ ተራርቆ የሚቆም መዘምር፣ ጸናጽሉን ባነሣ ቍጥር በራሱ ላይ ይመሰክራል። እኔም በአንድ በዓል ሌሊት እንዲያ ቆሜ ዐውቃለሁ፤ በማን ላይ እንደ ተኳረፍሁ ግን አሁን መናገር አይጠቅምም።

በዛሬ ዘመን ጥያቄው ከበፊቱ ይበልጥ ጸንቶአል። በየውጭ አገሩ በተተከሉት አብያተ ክርስቲያናት፣ በአሜሪካም በአውሮፓም፣ አማርኛን እንኳ አጥርተው የማይናገሩ ልጆች ነጠላ አጣፍተው፣ ጸናጽል ይዘው ቆመው ይታያሉ። ድምፃቸውን ስሰማ እንባዬ ይመጣል። ከዚያም ወላጆቻቸው፣ «ልጆቻችን የሚሉትን አያውቁትም፤ ምን እናድርግ?» ይሉኛል። እኔ የምመልስላቸው በአንድ ቀን ግዕዝ አስተምሩአቸው ብዬ አይደለም። በየሳምንቱ አንድ ቃል ስጡአቸው እላለሁ። በዚህ ሳምንት ዝማሜን፤ በሚቀጥለው አራራይን፤ ከዚያ ጽፋትን። ልጁ ቃሉን ከነታሪኩ ካወቀው ራሱ ሌላውን ይጠይቃል።

አሁን ወደ መዋሥእት ልመለስ፤ ያችን እናት መንገድ ላይ ትቻት መጥቻለሁና።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከቅኔ ቤት ስመለስ በዚያች አጥቢያ በኩል አለፍሁ። እናቲቱ በሕይወት ነበረች፤ በደጇ ጥጥ እየፈተለች አገኘኋት። አላወቀችኝም፤ ጢም አብቅዬ ነበርና። ከተቀመጥሁ በኋላ፣ «እማማ፣ አንድ ጊዜ ጠይቀውኝ ያልመለስሁልዎ ነገር አለ» አልኋት። ፈትሏን አስቀመጠች። መዋሥእት የሚለው ቃል አውሥአ ከሚለው ግሥ የወጣ እንደ ሆነ፣ አውሥአ ማለትም መለሰ፣ መልስ ሰጠ ማለት እንደ ሆነ ነገርኋት። በዚያ ቀን በልጇ ላይ የቆምነው ሁለት ወገን ሆነን እንደ ነበር፣ አንዱ ወገን ሲል ሌላው ይመልስ እንደ ነበር፣ ቃሉም ነፍሱን ከጻድቃን ጋር እንዲያሳርፍለት የሚለምን እንደ ነበር በአማርኛ ተረጐምሁላት። የምችለውን ያህል ቃል በቃል አልሁላት፤ እርሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ሰማች። አንዱን ክፍል ድገመው አለችኝና ደገምሁት።

ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፣ «መልስ ከሆነ እኔም መመለስ ነበረብኝ እኮ፤ ማን ነገረኝና!» አለች።

የሕዝቡ መልስ አሜንና ሃሌ ሉያ፣ አቤቱ ይቅር በለንም ማለት እንደ ሆነ ነገርኋት፤ እርሱንም በዚያ ቀን ስታለቅስ ደጋግማ ትለው እንደ ነበር እኔ ራሴ በጆሮዬ እንደ ሰማኋት አስታወስኋት። «ብዬ ነበር?» አለች። «ብለዋል፣ እማማ» አልኋት። ተነሥታ ውሃ ልታመጣልኝ ወደ ውስጥ ገባች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።